መርዶ ይዘን የወጣንበት ኮረብታ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ገበያ ውስጥ ቲማቲም ስመርጥ አንድ ሽታ ከኋላዬ መጣ። ዞር ስል አንዲት ፀጉራቸው የነጣ ሴትዮ ጠረጴዛቸው ላይ ትንንሽ የጨርቅ ከረጢቶች ደርድረዋል፤ በውስጣቸው ላቬንደር የሚሉት ሽቱ የሚመስል ሐምራዊ አበባ ደርቆ አለ። አንዱን አንሥቼ አሸተትኩት። ከዚያ በኋላ ቲማቲሙን ረሳሁት። እማዬ እንዲህ ድንገት ቆም ማለቴን ስታይ፣ «አንቺ ደግሞ፣ የትዝታ ዕድሜ ሳይደርስብሽ ትዝታ ያዘሽ» ትለኛለች። እውነቷን ነው፤ ገና አላረጀሁም። ግን አንዳንድ ዓመት አለ፣ ካለፈ በኋላ ከሌሎቹ ዓመታት ሁሉ ርቆ የሚቀመጥ። የኔ እንደዚያ ያለ ዓመት ሽታው ላቬንደር ነው፤ የሚታየኝም ፈረንሳይ አገር፣ አንድ ኮረብታ ጫፍ ላይ የተሰቀለ የድንጋይ መንደር ነው።

ጊዜው ወደ ውጭ አገር ስልክ በካርድ የሚደወልበት ዘመን ማብቂያ ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ ከምኖርበት አፓርትመንት ሥር ካለችው ሱቅ ካርዱን በአምስት ዶላር እንገዛለን፤ ጀርባውን በሳንቲም ፍቀን ቁጥሩን ስንነካ አንዲት ሴት የቀረንን ደቂቃ በእንግሊዝኛ ትነግረናለች፤ የነገረችን ደቂቃ ግን አንድም ቀን ሞልቶ አያውቅም። ሁላችንም ጠባብ ጂንስና እስከ ጉልበት የሚደርስ ቡትስ እናደርግ ነበር፤ በጋ ላይ እንኳ። ዩ ስትሪት ላይ ያሉትን የአበሻ ምግብ ቤቶች ኪራዩ ገና ስላላባረራቸው፣ ቅዳሜ ማታ ከየበሩ የተለያየ ዘፈን ይወጣና መንገዱ መሃል ላይ ይደባለቃል። እኔ ኮሌጅ ፓርክ ካለው ዩኒቨርሲቲ ከተመረቅሁ ብዙም አልቆየሁም። ከዋናው ትምህርቴ ጎን ፈረንሳይኛ ወስጄ ነበር። ለምን እንደወሰድኩት የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው፤ መልሱን ግን እኔም አላውቀውም። ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ አላውቅም። ፈረንሳይኛዬም እንደኔው ዓይናፋር ነበር፤ አነብበዋለሁ፣ ሲናገሩት እሰማዋለሁ፣ ከአፌ ግን አይወጣም።

በዚያ ዓመት፣ ብርዱ ሳይለቅ፣ አያቴ አዲስ አበባ ውስጥ አረፈች። እኔን የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ገና ሳይነጋ ከሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና ይዘውኝ ወደ አሌክሳንድሪያ ሲሄዱ ለምን እንደሆነ ማንም አልነገረኝም፤ መናገርም አላስፈለገም። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። የእማዬ አፓርትመንት ኮሪደር ውስጥ፣ ምንጣፉ ላይ፣ አንዳችን ከአንዳችን ተጠጋግተን ቆምን። እማዬ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች በሩን ከፈተች፤ ክሪስታል ሲቲ ባለ አንድ ሆቴል አልጋ የሚያነጥፉትን ሴቶች ትቆጣጠር ነበርና የጠዋት ሺፍት ገቢ ነች። ዓይኗ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ዞረ። አንድ ቃል ሳይነገራት ጮኸች። ሁለት ሴቶች ቀድመው ያዟት። መርዶ ለዚህ ነው በሰው የሚነገረው። ቃሉማ ቀላል ነው፤ ሰው የሚያስፈልገው ለመያዝ ነው።

ችግሩ ከዚያ በኋላ መጣ። የእማዬ ታናሽ እህት፣ አክስቴ ሙሉ፣ ፈረንሳይ ናት። ከብዙ ዘመን በፊት አዲስ አበባ ይሠሩ የነበሩ ፈረንሳውያን ባልና ሚስት ልጆቻቸውን እንድታሳድግላቸው ይዘዋት ሄዱ፤ ልጆቹ አድገው ተበተኑ፤ ሰዎቹ ጡረታ ሲወጡ ኮረብታ ላይ አንድ አሮጌ ቤት ገዝተው አሳደሱትና ለእንግዳ የሚከራዩ ክፍሎች አወጡለት። በመጨረሻ እነሱ ወደ ከተማ ሲመለሱ ቤቱን የምታስተዳድረው ሙሉ ሆነች። በመንደሩ ሌላ አበሻ የለም። በአካባቢው ሁሉ የለም። አዲስ አበባ ያሉት ወንድሞቿ ወዲያው ተማማሉ፦ «ብቻዋን ናት፤ በስልክ አይነገራትም።» እማዬም ማለች። ሙሉ ደግሞ እሑድ በመጣ ቁጥር ኮል ታደርጋለች። «እማዬስ?» ትላለች፤ አያቴን ማለቷ ነው። እናቴ ጥቁር ልብሷን ለብሳ፣ ፀጉሯን ተቆርጣ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ «ደኅና ናት፤ ጆሮዋ ከብዷት እኮ ነው ስልክ እምቢ ያለችው» ትላለች። ስልኩን ስትዘጋ ፊቷን ለመታጠብ ትገባለች። ይህ ለወራት ቀጠለ። መስከረም ሲገባ፣ «በቃ፣ ከዚህ በላይ አልችልም። ሄደን እንነግራታለን። አንቺ ቋንቋውን ትችያለሽ» አለችኝ። አልችልም አላልኳትም። ያኔ እንደዚህ ያለ ነገር ተናግሬ አላውቅም ነበር።

የዝግጅታችን ነገር አሁንም ያስቀኛል፤ ያኔ ግን ማንም አልሳቀም። ሐዘንተኛ ሆነን ከደረስን ሙሉ ባቡር ጣቢያ ላይ ታውቃለች፤ ሜዳ ላይ፣ ያለ ሰው። ስለዚህ እማዬ ከአንድ የሞል ሱቅ ወገቡ ላይ ቀበቶ ያለው ሰማያዊ ቀሚስ በቅናሽ ገዛች። ለተቆረጠው ፀጉሯ ደግሞ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ከሚገኝ የፀጉር ዕቃ መሸጫ እስከ ትከሻ የሚወርድ ዊግ ገዛን። ሻጯ ሦስት ዓይነት አሞክራት «ይሄ ወጣት አደረገሽ» አለቻት። እማዬ በመስታወቱ ውስጥ ራሷን ዐይታ «ወጣት የሆነች ሐዘንተኛ» አለች በአማርኛ፣ ለኔ ብቻ። ጥቁሩን ልብስ ያወለቀችው ዳለስ ኤርፖርት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ነው። አጣጥፋ ከሻንጣው ሥር ከተተችውና ከላዩ የራሷን የቤት ጫማ አደረገችበት፤ ሙሉ ሻንጣውን ብትከፍተው እንኳ ቶሎ እንዳታየው።

መንደሩን ከታች፣ ከወይኑ እርሻ መካከል ሲያዩት ከኮረብታው ድንጋይ ተለይቶ አይታይም። መኪና የሚገባው እስከ አሮጌው የግንብ በር ድረስ ነው። ከዚያ ወዲያ በእግር ነው፤ መንገዱ በክብ ድንጋይ የተነጠፈ፣ ጠባብ፣ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ የማያሳልፍ። ቤቶቹ አንዱ በሌላው ላይ ተደግፈዋል። መሃል አደባባዩ ላይ ድንጋዩ ላይ ሽበት የመሰለ እርጥብ ሣር ያበቀለ ምንጭ አለ፤ ውሃው ቀንና ሌሊት ይወርዳል። በየበሩ የደረቀ ላቬንደር በክር ታስሮ ተንጠልጥሏል። ሙሉ በትንሿ ነጭ መኪናዋ አምጥታን፣ ሻንጣ ከኛ ነጥቃ፣ ሶሉ ከገመድ በተሠራ ጫማዋ ከፊት ከፊታችን እየሮጠች ስትወጣ እማዬ ግንቡን ቀና ብላ ዐየችና፣ «ይሄ መንደር ሳይሆን አምባ ነው። እዚህ ላይ የወጣ ሰው ጠላት ነበረው ማለት ነው» አለች።

«ነበረው እንጂ» አለች ሙሉ እየሳቀች፤ «ዛሬ ግን ጠላታችን ነፋስ ብቻ ነው። ያን ፀጉርሽን ያዝ አድርጊው እትዬ።»

እማዬ በሁለት እጇ ያዘችው።

«ለመሆኑ አሜሪካ ይሄን ፀጉር በኪሎ ነው የሚሸጡላችሁ? እኔ እዚህ ስሸብት አንቺ እዚያ ታበቅያለሽ!»

«ቫይታሚን ነው» አለች እማዬ። እኔ ወደ ምንጩ ዞርኩ።

ዕቅዳችን በማግስቱ ጠዋት መንገር ነበር። አልሆነም። በማግስቱም አልሆነም። ሙሉ ሌሊቱን ሁሉ ቂጣ ስትጋግር እንዳደረች ሰው ፊቷ እያበራ ትጠብቀናለች። ቤቱን በሙሉ፣ ከምድር ቤት እስከ ጣሪያ፣ አስጎበኘችን፤ እያንዳንዱ ክፍል ስም አለው፤ አንዱ «የወይን ክፍል»፣ አንዱ «የዋሊያ ክፍል» ይባላል፤ የኋለኛውን ያወጣችው እሷ ናት። የበጋው እንግዳ አልቆ ስለነበር እኛን በጣም ጥሩው ውስጥ አሳደረችን፤ መስኮቱ በሸለቆው ላይ የሚከፈት። ጠዋት እህትማማቾቹ አብረው አልጋ ያነጥፋሉ። ሁለቱም በዚህ ሥራ ያረጁ ናቸው፤ አንዷ ለአንዷ አትለቅም።

«አንሶላ እንዲህ ነው የሚገባው? ጥጉ እኮ ተንጠልጥሏል» ትላለች እማዬ።

«እንግዳ እግሩን ማውጣት ይወዳል። እናንተ ሰውን እንደ ፖስታ ነው የምታሽጉት።»

«እኔ ጋ እንዲህ ያነጠፈች ወደ ቤቷ ነው።»

«ተመስገን፣ እኔ ቤቴ ነኝ።»

ይሳሳቃሉ። ከዚያ እማዬ ትራስ ለመምታት ጎንበስ ስትል ፊቷ ለአፍታ ይጠፋል፤ ቀና ስትል ደግሞ ይመለሳል። እኔ በር ላይ ቆሜ ፎጣ እያጣጠፍኩ ዛሬ ይሆን እያልኩ እጠብቃለሁ።

የዚያን ሳምንት ኑሮ በዝርዝር አስታውሰዋለሁ፤ ምናልባት መጨረሻውን እየፈራሁ ስለኖርኩት ይሆናል። ጠዋት የዳቦ ቤቷ ሶላንዥ ረጅሙን ዳቦ በክንዷ አቅፋ መጥታ በሩን ታንኳኳለች፤ ዋጋው ከአንድ ዩሮ በታች ነበር፤ ጫፉን ቆርሰን እየበላን ወደ አደባባዩ እንወርዳለን። ሐሙስ ሐሙስ አደባባዩ ገበያ ነው፤ ወይራ በበርሜል፣ ማር፣ ሳሙና፣ ባለ አበባ የጠረጴዛ ልብስ። አንድ ሰውዬ ጥግ ላይ ቆሞ በአኮርዲዮን አንድ ዘፈን ብቻ ደጋግሞ ይጫወታል። እማዬ ዜማውን ያዘችው፤ እስከ ዛሬ ዕቃ ስታጥብ ታንጎራጉረዋለች፣ ቃሉን ሳታውቅ። ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎቹ ዛፎቹ ሥር የብረት ኳስ ይወረውራሉ፤ የማን ኳስ ቀረበ እያሉ በገመድ እየለኩ ይጣላሉ። ከነሱ መካከል ረጅሙና ወሬኛው ሬኔ ነው፤ አቶ ለማለት ሙሴ ሬኔ እንለዋለን፤ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ቁልፍ ያለው እሱ ጋ ነው። ከሙሉ ቤት ፊት ለፊት ደግሞ ማዳም ኦዲል አሉ፤ ትንሽ፣ ቀጭን፣ ሽርጣቸውን የማያወልቁ አሮጊት። ሙሉ ስታልፍ ሁሉም በስሟ ይጠሯታል፤ «ሙሉ! ሙሉ!» ይላሉ፣ የመጨረሻውን ድምፅ ጎተት አድርገው።

አንድ ምሽት፣ እራት በልተን ሳንነሣ፣ ሙሉ ወደ ክፍሏ ሄዳ በቀጭን ወረቀት የተጠቀለለ ነገር አመጣች። ግራጫ የሱፍ ሻል ነበር፤ ለስላሳ፣ እጅ ላይ የማይከብድ። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

«ለእማዬ ነው። ለማንም አልተናገርኩም፤ ትኬት ቆርጫለሁ። ለገና አዲስ አበባ ነኝ! ሳልነግራት በሩን ሳንኳኳ... ጆሮዋ ቢከብድ ዓይኗ አይከብድ።» ከዚያ የእማዬን ፊት ዐይታ፣ «ምነው እትዬ፣ ቀለሙን አልወደድሽውም?» አለች።

«ወድጄዋለሁ» አለች እማዬ። «ይሞቃታል።»

ክፍላችን ስንገባ እማዬ ዊጉን አውልቃ መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠችውና አጭር ፀጉሯን በመዳፏ ሸፈነች። «ነገ መነገር አለበት» አልኩ። «በሁለታችን? እኔ ራሴ ስወድቅ ማን ይይዛታል? አንቺ?» አለችኝ። ክፉ ሆና አይደለም። እውነት ነበር። ማርሴይ ከተማ የሚኖር የአንድ የቤተ ክርስቲያን ሰው ዘመድ ነበረ፤ ከአሜሪካ ሳንነሣ ሰው ይዤ እመጣለሁ ብሎን ነበር፤ ያን ዕለት ደውለንለት ከሥራ ፈቃድ እንዳላገኘ ነገረን። እማዬ ወደ መስኮቱ ዞረች። ከታች የማዳም ኦዲል መብራት ይታያል። «እነዚህ ሰዎች ይወዷታል አይደል?» አለች። «ይወዷታል» አልኩ። «እንግዲያው ሂጂና ጥሪያቸው።»

ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የዚያን ያህል ፈርቼ አላውቅም። በማግስቱ ሙሉ ጣሪያው ላይ አንሶላ ስታሰጣ ጠብቄ መንገዱን ተሻገርኩ። የምናገረውን በልቤ ሌሊቱን ሙሉ ሳሰናዳ ነው ያደርኩት፤ ማዳም ኦዲል በሩን ሲከፍቱ ሁሉም ጠፋ። የወጣው፣ «የሙሉ እናት ሞተዋል፤ እሷ አታውቅም» የሚል ብቻ ነው።

ማዳም ኦዲል እጃቸውን ሽርጣቸው ላይ ጠርገው ወንበር ሳቡልኝ። «መቼ?»

«በብርዱ ወራት። ባለፈው።»

«ታዲያ ለምን አትነግሯትም? ያችው፣ ላይ ናት። ልጥራት?»

«እንዲህ አይነገርም። ማለዳ ነው የሚነገረው። ቀኑን ሳትጀምረው። ሰው ተሰብስቦ በሯ ላይ መጥቶ።»

«መጥቶስ ምን ያደርጋል?»

«ይቆማል።»

«ምንም አይናገርም?»

«ምንም።»

«እህ፣ ይሄ ለሬኔ ይከብደዋል» አሉ። ፈገግ ያልኩ መሰለኝ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ ምድጃቸው ላይ ያለውን ድስት ያያሉ። «ባሌ ሲሞት በስልክ ነው የሰማሁት። ሾርባ እያማሰልኩ ነበር። ስልኩን ዘጋሁና ማማሰሌን ቀጠልኩ። ሾርባው እንዳያርር። ቤቱ ውስጥ ማንም አልነበረም።» ትንሽ ቆይተው ተነሡና ሽርጣቸውን ፈቱ። እንደነገርኳችሁ ያን ሽርጥ አያወልቁም ነበር። «በስንት ሰዓት ነው?»

ወደ ሙሴ ሬኔም፣ ወደ ሶላንዥም አብረውኝ ሄዱ። ሶላንዥ፣ «በዚያ ሰዓት እኮ ዳቦዬ ምድጃ ውስጥ ነው» አለች፤ ማዳም ኦዲል ትኩር ብለው ዐዩዋት፤ «እሺ፣ መንደሩ አንድ ቀን ያረረ ዳቦ ይብላ» አለች። ሙሴ ሬኔ ኳሱን እንደያዘ ሁሉንም ሰማኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። «ስማቸው ማን ነበር?» አያቴን ለወራት ጮክ ብዬ ጠርቻት አላውቅም ነበር፤ እንዳያመልጠን ብለን ቤት ውስጥ እንኳ ስሟን ትተነው ነበር። «ጥሩወርቅ» አልኩ። ሊለው ሞከረ። ሦስት ጊዜ ሞከረና በመጨረሻ ቀረበለት።

በማግስቱ ገና ጎሕ ሳይቀድ ጫማዬን በእጄ ይዤ ደረጃውን ወርጄ ወጣሁ። የሙሉ በር ጥቂት የድንጋይ ደረጃዎች አናት ላይ ነው። መንገዱ ባዶ ነበር። አይመጡም ብዬ አሰብኩ፤ ደግሞስ በእኔ ፈረንሳይኛ ማን ይመጣል? ከዚያ የማዳም ኦዲል በር ተከፈተ። ጥቁር ካፖርት ለብሰዋል። ሶላንዥ ዱቄት በክንዷ ላይ እንዳለ መጣች። ሙሴ ሬኔ የናፍታሊን ሽታ ያለው ሱፉን ለብሷል። ከዚያ ያልጠራኋቸው መጡ፤ የብረት ኳስ የሚወረውሩት ሽማግሌዎች፣ የተኳረፉትም ሳይቀሩ፣ ሚስቶቻቸው፣ ያ አኮርዲዮን የሚጫወተው ሰውዬ እንኳ። ጠባቡ መንገድ እስከ ምንጩ ሞላ። ማንም አልተናገረም። ውሃው ብቻ ይሰማል።

አንኳኳሁ።

«ሶላንዥ፣ ዛሬ ቀደምሽ!» አለች ሙሉ ከውስጥ፤ በሩን ከፈተችው። የሌሊት ልብሷን ለብሳለች። መጀመሪያ እኔን ዐየችና ሳቀች፤ ክፍላችን ውስጥ የተኛሁ መስሏት ነበር። ከዚያ ከኋላዬ ያሉትን ዐየች። ሳቁ ፊቷ ላይ እንዳለ ቀረ። ዓይኗ ከአንዱ ወደ ሌላው ዞረ፤ ልክ የእማዬ ዓይን አሌክሳንድሪያ ኮሪደር ውስጥ እንደዞረው። ሃያ ዓመት ያህል ፈረንሳይ ኖራለች፤ ነገር ግን ማለዳ በር ላይ የቆመ ሰው ምን እንደሆነ አልረሳችም። ቀስ ብላ ወደ ኋላዋ ዞረች። እማዬ የውስጡ ደረጃ ላይ ነበረች፣ በሰማያዊ ቀሚሷ። ወራት ሙሉ ያዘጋጀችው ቃል አልመጣላትም። ከዚያ እጇን አነሣችና ዊጉን ከራሷ ላይ አወለቀችው።

«እማዬን?» አለች ሙሉ።

እማዬ አዎን ስትል ራሷን ነቀነቀች።

የሙሉ ጩኸት ግንቡን መትቶ ተመለሰ። ከመውደቋ በፊት ማዳም ኦዲል በአንድ ወገን፣ ሶላንዥ በሌላ ወገን ይዘዋታል። እኔ ቁሙ ብቻ ነው ያልኳቸው፤ ያዟት አላልኳቸውም። የሙሉ የሌሊት ልብስ በዱቄት ነጣ። እማዬ ደረጃውን ወርዳ አብራቸው ገባች፣ ዊጉን ገና በእጇ እንደያዘች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደወሉ ተደወለ፤ በረጅም በረጅሙ፣ ለመንደሩ ሰው እንደሚደወለው። ሙሴ ሬኔ መሄዱን ማንም አላየውም ነበር። አያቴ ከአዲስ አበባ ወጥታ የማታውቅ ሴት ነበረች።

ያን ቀን ቤቱ ሰው ሞላ። ከቡና ቤቱ ወንበር አመጡ፤ ሾርባ መጣ፣ አይብ መጣ፣ ያረረ ዳቦም መጣ። እማዬ ከሻንጣዋ ሥር ጥቁሩን አውጥታ ለበሰች። ሙሉ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ፣ ለእናቷ የገዛችውን ሻል በትከሻዋ ላይ አድርገውላት፣ ድምፅዋ ከልቅሶ ሻክሮ እማዬን ዐየቻት።

«እሑድ እሑድ ደኅና ናት ትይኝ ነበር።»

«ብቻሽን ነበርሽ ሙሉ። ብቻሽን እንዴት አድርጌ ልንገርሽ?»

ሙሉ ቤቱን ዞር ብላ ዐየች። ማዳም ኦዲል ሳህን ያጥባሉ፤ ሽማግሌዎቹ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ግድግዳውን ተከትለው ተቀምጠዋል፤ ሙሴ ሬኔ ለሚገባው ሁሉ በዝግታ «ጥሩወርቅ» እያለ ስሙን ያስተምራል።

«ብቻዬን አልነበርኩም እትዬ» አለች። «መጠየቅ ነበረብሽ።»

እማዬ እጇን ያዘቻት፤ እስኪመሽ አልለቀቀቻትም። ከሦስት ቀን በኋላ ስንለያይ ሙሉ ራሷ እስከ ባቡሩ ሸኘችን። ለገና አዲስ አበባ ሄደች፤ ትኬቱን አልመለሰችም፤ ሻሉን ለብሳው ወደ እናቷ መቃብር ሄደች።

ብዙ ነገር ተቀይሯል። የስልክ ካርድ የለም፤ ሙሉ በቪዲዮ ትደውላለች፤ ሞትም እንደማንኛውም ወሬ ስልክ ላይ ቀድሞ ይደርሳል። ዩ ስትሪት ላይ ዘፈኑ ቀንሷል። ማዳም ኦዲል አርፈዋል፤ ለሙሉ ስልክ አልተደወለላትም፤ የመንደሩ ሰዎች ማለዳ መጥተው በሯ ላይ ቆሙ።

ሁለተኛ ጊዜ ወደ መንደሩ የሄድኩት ብቻዬን ነው፣ ባለፈው በጋ፣ በዋሊያ ክፍል ተኝቼ። ጎሕ ሲቀድ ከታች ከመንገዱ የሶላንዥን ድምፅ ሰማሁ። «ሰላም ነው! ሰላም ነው ሙሉ!» ትላለች፣ በአማርኛ፣ የመጨረሻውን ድምፅ ጎተት አድርጋ። ከዚያ በኋላ ነው ያንኳኳችው። ሙሉ ዳቦውን ተቀብላ ስትመለስ ጠየቅኳት። «ከዚያ ቀን ወዲህ ነው» አለችኝ። «ትደነግጣለች ብለው ማለዳ በሬን ማንኳኳት ፈሩ። አንድ ቀን ሬኔ መጥቶ ደኅና ነገር ሲሆን እናንተ ምን ትላላችሁ አለኝ። ነገርኩት። አሁን ፖስተኛው ሳይቀር ይላል።»

ገበያ ውስጥ ያችን ከረጢት ገዛኋት፤ ቲማቲሙንም በኋላ አስታወስኩት። ገና ማለዳ ነበር። ድንጋይ በተነጠፈው መንገድ አቋርጬ እማዬ አፓርትመንት ደረስኩ። ኮሪደሩ ያው ነው፤ ምንጣፉ ተቀይሯል። በሯ ላይ ስደርስ እንደልማዴ፣ ከማንኳኳቴ በፊት፣ ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ ጮክ አልኩ። ዓይናፋር ነኝ፤ ይህችን ግን ጮክ ብዬ ነው የምላት።

«ሰላም ነው እማዬ!»

ከውስጥ የዕቃ ድምፅና ያ የአኮርዲዮን ዜማ ይሰማል። ዜማው ቆመ።

«ሰላም ከሆነማ ግቢያ! ቁልፉ አንቺ ጋ አይደል?» አለች፤ ማንጎራጎሯንም ካቆመችበት ቀጠለች።